ከአል-አዝሀር እስከ መዓዲ፦ ከመድኃኒቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ካይሮን የሚጎበኝ ሐበሻ ሙስሊም እግሩ አስቀድሞ የሚያመራው ወደ አል-አዝሀር ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ970 ተጀምሮ በ972 ለሶላት የተከፈተው ይህ ታላቅ መስጊድ ከሺህ ዓመት በላይ የዒልም መናኸሪያ ሆኖ ዘልቋል። የሱልጣን አል-ገውሪ ባለ ሁለት ራስ ሚናራ ከሩቅ ይታያል፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ደግሞ ነጩ የእብነ በረድ ግቢ ዓይን ያፈዛል። ለእኛ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ‹‹ሪዋቁል ጀበርት›› የሚለው ስም ነው። ከዘይላዕ፣ ከኢፋትና ከአካባቢው ለትምህርት የተሰደዱ ደረሶች ያርፉበትና ይማሩበት የነበረው ክፍል በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ታዋቂው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753-1825) የዘር ሐረጉ ከዚያው ወገን ሲሆን፣ አባቶቹም የሪዋቁ ሸኽ ሆነው አገልግለዋል።

እኔም በወጣትነቴ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ኮሌጅ የተማርኩ ስለሆነ መንገዱ ለእግሬ አዲስ አይደለም። በ1446 ሂጅራ ሻዕባን ወር፣ ማለትም በየካቲት 2017 ዓ.ም፣ ወደ ካይሮ የተመለስኩት ግን ለዒልም አልነበረም። የልብ ጓደኛዬ ልጅ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ነበር። ዕድሜዋ 24 ነው። ታጭታለች፤ ሠርጓ ለሸዋል ተቆርጦ ነበር። ዕጢው አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት በኋላ ወንድሟ ካይሮ ስለሚሠራ ቀሪው ሕክምና እዚያ እንዲሆን ቤተሰቡ ወሰነ። እናቲቱ ዐረብኛ አታውቅም፤ አስተርጓሚም አጃቢም ሆኜ አብሬ ሄድኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለዚህ በሽታ በቤታችን ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ‹‹ነቀርሳ›› እንኳ አንልም፣ ‹‹ያ በሽታ›› ብለን እናልፋለን። የልጅቷን መታመም ከዘመድ የሚያውቁት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እጮኛዋም ከአምስቱ አንዱ አልነበረም። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች በብዛት ቀዳሚው የጡት ካንሰር እንደሆነና ከታማሚዎቹ መካከል ገና ያላገቡ፣ ገና ያልወለዱ ወጣቶች ብዙ እንደሆኑ ግን ሐኪሞቻችን ዘወትር የሚናገሩት ነው።

ከአል-አዝሀር ወጥተን፣ መንገዱን ተሻግረን፣ በኻን አል-ኸሊሊ በኩል ወደ አል-ሙዒዝ ጎዳና ዘለቅን። ሻዕባን ስለነበር ሱቆቹ ሁሉ የረመዷን ፋኖስ ሰቅለዋል። ልጅቷ ፋኖሶቹን እያየች ስትሄድ እናቷ ‹‹ቀስ በይ ልጄ፣ እንዳትደክሚ›› ትላታለች። ካይሮ በየካቲት ብርዷ ስስ ነው፤ ፀሐይዋ ግን አሁንም ፀሐይ ናት። በዚሁ ጎዳና ላይ ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 እና 1285 ያሠራው ሕንፃ ቆሟል። መስጊድ መሰል መድረሳ አለበት፣ መቃብር አለበት፣ ከሁሉም በላይ ‹‹ቢማሪስታን›› ይባል የነበረ ሆስፒታል ነበረበት። ሀብታምና ድኻ ሳይለይ፣ ወንዱን በወንዶች ክፍል ሴቷን በሴቶች ክፍል አድርጎ፣ በወቅፍ ገቢ በነፃ ያክም ነበር። የሳንባን የደም ዝውውር ያብራራው ታላቁ ሐኪም ኢብኑ ነፊስ እ.ኤ.አ. በ1288 ካይሮ ውስጥ ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ለዚህ ሆስፒታል ተናዘዘ። ከዚያው ግቢ ውስጥ እስከ ዘመናችን የዓይን ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን እናቲቱ ‹‹አላህ ጀነት ይስጠው›› አለች፣ ለሱልጣኑ ይሁን ለሐኪሙ ሳትለይ።

ይህን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። መታከም ከተወኩል ጋር እንደማይጣላ ቀደምቶቻችን በድንጋይ ሳይቀር ጽፈውታል። በማግስቱ ሆስፒታል የገጠመን ነገር ግን ‹‹ይህስ መታከም ነው ወይስ ሌላ?›› የሚያሰኝ ስለነበር ነው።

ሐኪሟ ሴት ናት፣ ሒጃብ የለበሰች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር። የአዲስ አበባውን ውጤት አገላብጣ አየችና የዕጢው ዓይነት በሴት ሆርሞን የሚመገብ መሆኑን ነገረችን። ኬሞቴራፒ እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያም ሆርሞኑን የሚያግድ ኪኒን ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንደሚወሰድ አስረዳች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ልጅቷን በቀጥታ እያየች፣ ‹‹ወደፊት ልጅ መውለድ ትፈልጊያለሽ?›› ብላ ጠየቀች።

ተረጎምኩ። ልጅቷ አቀረቀረች። እናት መለሰች፦ ‹‹መጀመሪያ ትዳን እንጂ! ልጅ የሚሰጥ አላህ ነው።›› ይህንንም ተረጎምኩ። ሐኪሟ ፈገግ አለችና ‹‹ያ ሐጋ፣ ትክክል ብለሻል፤ ጥያቄው ግን ለእሷ ነበር›› አለች። (ግብፆች ሐጅ ያደረገችውንም ያላደረገችውንም ትልቅ ሴት ‹‹ሐጋ›› ይሏታል።) ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ ‹‹አዎ፣ እፈልጋለሁ›› አለች። ‹‹ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።››

እውነቷን ነው። ምርመራ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ፓስፖርትና ቪዛ፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፤ በዚያ ሁሉ ውጣ ውረድ ውስጥ ሐኪምም ዘመድም ይህን አንድ ጥያቄ አላነሳም። እናት የፈራችው ጥያቄው ራሱ ምቀኛ ሆኖ እንዳይታይባት ነው፤ ልጄ ትሙት ትዳን ሳይታወቅ ስለ ልጅ ልጅ ማውራት ነውር መስሏት ነው። ይህን ስሜት የማይረዳ የሐበሻ እናት አያውቅም።

ሐኪሟ ያስረዳችው በአጭሩ ይህ ነው። ሴት ልጅ ስትፈጠር የሕይወት ዘመን እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ትፈጠራለች፤ እንደ ወንድ በየቀኑ አዲስ አይሠራላትም። እንቁላሎቹ የሚገኙት ‹‹እንቁልጢ›› በሚባሉ፣ በማሕፀን ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ትንንሽ አካላት ውስጥ ነው። የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች፣ በተለይም ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው፣ የካንሰሩን ሕዋስ ሲያጠፉ ከእነዚህ እንቁላሎች ብዙውን አብረው ያጠፋሉ። የጉዳቱ መጠን በመድኃኒቱ ዓይነትና ብዛት፣ በይበልጥም በሴቲቱ ዕድሜ ይለያያል። የ24 ዓመት ሴት ከሕክምናው በኋላ የወር አበባዋ የመመለስና በራሷ የማርገዝ ተስፋዋ ከ40 ዓመቷ ሴት እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም ዋስትና የለም። የአምስት ዓመቱ ኪኒንም ቢሆን በቀጥታ እንቁላል ባያጠፋም፣ ፅንስን ስለሚጎዳ እርሱን እየዋጡ ማርገዝ አይቻልም፤ ስለዚህ ዓመታት ያልፋሉ፣ ዕድሜም ይሄዳል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ኬሞቴራፒው ከመጀመሩ በፊት እንቁላሎችን አውጥቶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ማቆየት ነው። ሥራው ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ጥሩ ጊዜውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁስሉ እስኪሽር የሚጠበቅበት ያ ክፍተት ነው። ልጅቷ ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ‹‹ጊዜ አለን፣ ነገር ግን የሚባክን ጊዜ የለንም። እስከ ሐሙስ ወስኑ›› አለች ሐኪሟ። ቀኑ እሑድ ነበር።

ሆቴል ስንመለስ እናት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ‹‹እትዬ፣ ይህ ነገር ሐራም አይደለም ወይ?›› አለችኝ።

ይህ ጥያቄ በዚያች ከተማ ውስጥ መጠየቁ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም መልሱ በአብዛኛው የተጻፈው በዚያው ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ አል-ደራሳ ሄድን። ከአል-አዝሀር በእግር የሚደረስ ሰፈር ሲሆን፣ የግብፅ ዳሩል ኢፍታእ የሚገኘው እዚያው በሐዲቀቱል ኻሊዲን ነው። በዓለም የመጀመሪያዋ ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰች ሕፃን እንግሊዝ አገር የተወለደችው ሐምሌ 25 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 23 ቀን 1980 እ.ኤ.አ.፣ የዚያን ጊዜው የግብፅ ሙፍቲ፣ በኋላም የአል-አዝሀር ሸኽ የሆኑት ጃደልሐቅ ዐሊ ጃደልሐቅ በጉዳዩ ላይ ሰፊ ፈትዋ ሰጡ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ በሕጋዊ ኒካሕ ባሉ ባልና ሚስት መካከል፣ ለሕክምና ሲባል፣ የባል ዘርና የሚስት እንቁላል ተዋህዶ ወደዚያችው ሚስት ማሕፀን ቢመለስ ይፈቀዳል። ሦስተኛ ወገን ከገባ ግን፣ በዘርም ይሁን በእንቁላል ወይም በማሕፀን፣ ነሰብ ስለሚቀላቀል ክልክል ነው። የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1986 ዐማን ላይ ባደረገው ጉባኤ ሰባት የአፈጻጸም መንገዶችን መርምሮ አምስቱን ከለከለ፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን ያሉባቸውን ሁለቱን ፈቀደ።

ወደ እኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠጋው ግን ያው አካዳሚ በ1990 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ የወሰነው ነው። በየክሊኒኩ የተረፉ ፅንሶች ቅዝቃዜ ውስጥ መከማቸታቸው ዑለማኦቹን አሳስቧቸው ነበርና፣ ከሚያስፈልገው ቁጥር በላይ እንቁላል እንዳይዳቀል አሳሰቡ። ለዚህም የሰጡት አንዱ ምክንያት ያልተዳቀለ እንቁላል ለወደፊት ሊቀመጥ የሚችል መሆኑ ነው። ይህን ልብ ማለት ይገባል። ፅንስ የሁለት ሰዎች ነው፤ ትዳሩ በፍቺ ወይም በሞት ሲፈርስ መብቱም አብሮ ይፈርሳል። ያልተዳቀለ እንቁላል ግን የአንዲት ሴት የአካሏ ክፍል ብቻ ነው፣ ገና ነሰብ የሚባል ነገር አልገባበትም።

ዳሩል ኢፍታእም እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ጉዳዩ ተጠይቆ እንቁላልን በቅዝቃዜ ማቆየት በቅድመ ሁኔታ የተፈቀደ መሆኑን ገልጿል። ማዳቀሉ ኒካሕ ጸንቶ ባለበት በባልና ሚስት መካከል ብቻ እንዲሆን፣ ከሌላ ሴት እንቁላል ጋር እንዳይቀላቀል ጥብቅ ጥበቃ እንዲደረግ፣ ወደ ባለቤቲቱ ማሕፀን እንጂ ወደ ሌላ እንዳይገባ፣ ፅንሱንም የሚጎዳ ነገር እንዳይኖር ይጠይቃል። ላላገባች ሴት ጉዳዩን ጠበቅ የሚያደርጉ ዑለማኦችም አሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምንበትን ዓሊም መጠየቁ ተገቢ ነው። እኛን ያነጋገሩን ሸኽ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ለልጅቷ ዱዓእ አደረጉላትና፣ ይህ በሽታን መከላከል እንጂ በአላህ ውሳኔ ላይ መደፋፈር አለመሆኑን በለሰለሰ ቃል ነገሯት። ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አጥንታቸው ደክሞ፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ልጅ መለመናቸውን አስታወሷት። እናት ከዚያ በኋላ ስለ ሐራም አልጠየቀችም። ሌላ ጥያቄ ግን ነበራት፤ ቆይታ አነሳችው።

ክሊኒኩ መዓዲ ነው። ከሰይዳ ዘይነብ ጣቢያ ሜትሮ ተሳፈርን። በአንደኛው መስመር ላይ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች ስላሉ ለእንደኛ ዓይነቱ መንገደኛ ምቹ ነው። ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ፉሙል ኸሊጅ የሚባለው አደባባይ አለ። በአንድ በኩል የዓባይን ውሃ ወደ ሰላሐዲን ግንብ ያወጣ የነበረው የጥንት የውሃ መስመር መነሻ ማማ ቆሟል፤ በሌላ በኩል የካይሮ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ይገኛል። ከላይ ግብፅ ገጠር የመጡ ሴቶች ጥቁር ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ የኤክስሬይ ፖስታቸውን በክንዳቸው አቅፈው ደጁ ላይ ተቀምጠው አየን። ልጅቷ ካለፍናቸው በኋላ ዞራ ዞራ ታያቸው ነበር።

ይህ የሜትሮ መስመር የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የግብፅ የመጀመሪያዋ ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰች ሕፃንም የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው። ማዕከሉን በ1986 መዓዲ ላይ የከፈቱት ዶክተር ጀማል አቡ ሱሩር፣ ዶክተር ሙሐመድ አቡልጋር እና ዶክተር ረጃእ መንሱር ናቸው። ከእነርሱም ዶክተር ጀማል በአል-አዝሀር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የእስልምና የሥነ ሕዝብ ጥናት ማዕከል የመሩ ናቸው። ፈትዋው በ1980፣ ክሊኒኩ በ1986። እዚህ አገር ሐኪሙ ዓሊሙን አስቀድሞ ጠየቀ፣ ዓሊሙም ሐኪሙን አዳመጠ። እኔ በበኩሌ ካይሮን ከፒራሚዶቹ ይልቅ የማደንቃት በዚህ ነው።

መዓዲ ሰፊ መንገድና ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ያሉት ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። የሄድንበት ክሊኒክ አንድ ፎቅ ላይ ያለ፣ ትንሽ፣ ንጹሕ ቤት ነበር። ምክር የምትሰጠን ባለሙያ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አነጋገረችን። ‹‹ምክር›› የሚለው ቃል በአማርኛችን አንዱ ለሌላው ‹‹እንዲህ አድርግ›› ማለት ይመስላል። እሷ ግን ‹‹አድርጊ›› አላለችም። ያለውን መንገድ ሁሉ ዘረጋች፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስከፍል፣ ምን እንደማያስገኝ ተናገረች፣ ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች።

ለአሥር ወይም ለአሥራ ሁለት ቀናት በየዕለቱ ከሆድ ቆዳ ሥር መርፌ ይወሰዳል፤ እንቁላሎቹ በአንድ ጊዜ በርከት ብለው እንዲበስሉ ነው። እናት እዚህ ላይ አቋረጠች፦ ‹‹በሽታዋ በሆርሞን የሚመገብ ነው ተብሏል፣ እንዴት ሆርሞን እንወጋታለን?›› ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ባለሙያዋም አመሰገነቻት። ሌትሮዞል የሚባል ኪኒን ከመርፌው ጋር አብሮ ይሰጣል፣ በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ከፍ እንዳይል ያደርጋል፤ እስካሁን ባለው ጥናትም ይህን ያደረጉ ሴቶች ካንሰሩ በብዛት ተመልሶባቸው አልታየም። የወር አበባን ቀን መጠበቅም አያስፈልግም፤ በማንኛውም ቀን መጀመር ይቻላል።

ከዚያ እናት ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። የቆየው ጥያቄዋ ይህ ነበር። እንቁላሉ የሚወጣው በየት በኩል ነው? ልጄ ኒካሕ አልታሰረላትም። በሐያእ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳይጠይቅ ተነስቶ እንደሚሄድና እንደማይመለስ ባለሙያዋ ኋላ ነግራኛለች፤ ስለሆነም በግልጽ ልጻፈው። የተለመደው መንገድ በታችኛው አካል በኩል በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ መቅዳት ነው። ያላገባች ሴት ይህን ካልፈለገች ግን እንደ እንቁልጢው አቀማመጥ በሆድ በኩል ሊቀዳ ይችላል። ሌላም መንገድ አለ። በሆድ ላይ በሚከፈቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከእንቁልጢው ጥቂት ሥጋ ቆርጦ ያንኑ ሥጋ በቅዝቃዜ ማቆየትና ከዓመታት በኋላ መልሶ መትከል ነው። ይህ ቀናት እንጂ ሳምንታት አይፈልግም፤ ለአቅመ ሔዋን ላልደረሱ ልጆችም ያለው መንገድ እርሱ ብቻ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በዚህ ዓይነት ሥጋዋ የተቀመጠላት የካንሰር ታማሚ በ2004 ቤልጂየም ውስጥ ወልዳለች። በ2016 ደግሞ ገና ልጅ ሳለች እንቁልጢዋ የተቀመጠላት የዱባይ ሴት ለንደን ውስጥ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ባለሙያዋ ይህን ስትነግራት እናት ‹‹ማሻ አላህ›› አለች፤ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በኬሞቴራፒው ወራት እንቁልጢውን ‹‹የሚያስተኛ›› ወርኃዊ መርፌም አለ። ሴቲቱ ለመጥፎው ቀን መጠባበቂያ ሌላ ምንም ባይኖራት እንኳ ይህ ይረዳል፤ ሆኖም እንቁላል ማስቀመጥን ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ባለሙያዋ ያላሳመረችውን ደግሞ ልናገር። የተቀመጠ እንቁላል ሁሉ ልጅ አይሆንም። አንዳንዱ ሲቀልጥ ይጠፋል፣ አንዳንዱ አይዳቀልም፣ አንዳንዱ ተዳቅሎ ማሕፀን ውስጥ አይቆይም። በየዓመቱ የማስቀመጫ ክፍያ አለ። ወጪው ለተራ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ የልጅቷ ወንድም መኪናውን ሸጧል። ካንሰሩ በቤተሰብ የሚወረስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሌላ ምርመራና ሌላ ውሳኔ ይከተላል።

ስለ አምስት ዓመቱ ኪኒንም ተነሳ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ከ500 በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት፣ ኪኒኑን ከ18 እስከ 30 ወር ወስደው ለማርገዝ ሲሉ እስከ ሁለት ዓመት ያቋረጡ ወጣቶች በተከተሏቸው የመጀመሪያ ዓመታት ከሌሎቹ በበለጠ በሽታው እንዳልተመለሰባቸው አሳይቷል። የረጅሙ ዘመን ውጤት ገና እየተጠበቀ ነው። ልጅቷ በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። ‹‹ሃያ ሰባት›› አለች ለራሷ።

በዚያ ምሽት ሆቴል ውስጥ እናት ሌላ ሐሳብ አመጣች። ‹‹እጮኛዋ ጨዋ ልጅ ነው። ነገ እንንገረው፣ ወልይዋ በስልክ ኒካሑን ይሰር፤ ከዚያ ባልና ሚስት ስለሚሆኑ ፅንሱ ራሱ ይቀመጥላቸው፣ እሱ ይሻላል ይባላል።›› ነገሩ ሲሰሙት ብልሃት ይመስላል። ደግሞም ከልብ የመነጨ ነው። ልጅቷ ግን ጎንበስ ብላ ከቆየች በኋላ እንዲህ አለች፦ ‹‹እማዬ፣ ይወቀው፣ እኔም እነግረዋለሁ። ግን በሽታ አጣድፎኝ ኒካሕ አላስርም። እሱም አዝኖልኝ አያግባኝ። እንቁላሉ የእኔ ነው፤ ያገባኝ ያገባኛል።››

እናት ወደ እኔ ዞረች፣ ድጋፍ ፈልጋ። እኔ የተማርኩትን ብቻ ነገርኳት። ፅንሱ የትዳሩ ነው፤ ትዳሩ ባይዘልቅ፣ አላህ ይጠብቀንና፣ ለልጅቷ የሚተርፋት ነገር አይኖርም። እንቁላሉ ግን ማንንም ቢያገባት አብሯት ይኖራል። ያን ሌሊት ሁለቱም ኢስቲኻራ ሰገዱ። ልጅቷ ለእጮኛዋ የደወለችው ከፈጅር በኋላ በረንዳ ላይ ወጥታ ነው፤ ምን እንዳለችው፣ እሱም ምን እንዳላት አልጠየቅኋትም። ተመልሳ ስትገባ ሻይ ጠየቀች። ሐሙስ ለሐኪሟ ‹‹እናድርገው›› አለቻት።

በእነዚያ የመርፌ ቀናት ጠዋት መዓዲ፣ ከሰዓት በኋላ ሆቴል ሆኖ ብዙ የማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ። የማስበው ስለ አዲስ አበባ ነበር። ሁሉም ታማሚ ካይሮ ወንድም የለውም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛ ቦታ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጡ የካንሰር ታማሚዎች ወረፋ የሚጠብቁት እዚያ ነው። በሌላ በኩል በጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር በ2011 ዓ.ም የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ። ሁለቱም በአንድ ከተማ ናቸው። ኬሞቴራፒ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ወጣት ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ሄዳ ‹‹ለእኔ ምን ይቻላል?›› ብላ ልትጠይቅ ትችላለች። እዚያ የማይቻል ነገር ካለ እንኳ በጊዜው ይነገራታል። የሚከብደው የታክሲው መንገድ አይደለም። ያለ ጥያቄ ማንም አይልካትም፤ ጥያቄውን ደግሞ እኛ እናቶች ቀድመን እንመልስላታለን።

እህቶች፣ የታመመች ዘመድ ካለቻችሁ ከመጀመሪያው የመድኃኒት ቀን በፊት ሐኪሙን ይህን ጠይቁት፦ የሚሰጣት መድኃኒት እንቁልጢዋን ምን ያህል ይጎዳል? ሕክምናው ለሁለት ሳምንት ቢቆይ ለሕይወቷ ያሰጋል? የሚያሰጋ ከሆነ ሕይወቷ ይቀድማል፤ በዚህ ላይ ሐኪምና ዓሊም አይለያዩም። የማያሰጋ ከሆነ ደግሞ እሷ ትጠየቅ፣ ከተቻለም ለብቻዋ። አንዳንዷ ‹‹አልፈልግም፣ ደክሞኛል›› ትላለች። ያም መልስ ነው፣ ሊከበርላትም ይገባል።

እንቁላሎቹ የተወሰዱት በሻዕባን መጨረሻ ሳምንት፣ በሆድ በኩል፣ በማደንዘዣ ነው። አሥራ አንድ ተገኙ፤ ዘጠኙ ለማስቀመጥ የበሰሉ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ከማደንዘዣው ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ ‹‹ስንት?›› የሚል ነበር።

ከመውጣታችን በፊት የሚፈረም ወረቀት ቀረበ፣ አራት ገጽ። እየተረጎምኩላት ሄድኩ። ስሟ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የማስቀመጫው ዘመን፣ ክፍያው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ‹‹ባለቤቲቱ ብትሞት እንቁላሎቹ ምን ይደረጉ?›› የሚል መስመር ነበር። ድምፄ ተያዘ። እናት ‹‹ምን ይላል?›› አለችኝ፣ ዐረብኛውን ማንበብ የምትችል ይመስል ወረቀቱ ላይ አፍጥጣ። ልጅቷ ግን ሳልተረጉምላት ከፊቴ ገባት። ‹‹የማንም አይሆኑም አይደል፣ እትዬ?›› አለችኝ። አይሆኑም አልኳት። እስክሪብቶውን ተቀብላ ‹‹ይወገዱ›› በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች፤ ከዚያ ፈረመች፣ ወረቀቱን አጠፈች፣ ከእናቷ ቦርሳ ውስጥ ከፓስፖርቱ ጎን አስገባችው።

ኬሞቴራፒው የተጀመረው በረመዷን ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት ነው። ነርሷ የደም ሥሯን ስትፈልግ እናቷ በሌላኛው እጇ ላይ ቁርኣን ትቀራላት ነበር። መንገድ ላይ ከሰይዳ ዘይነብ የገዛችው ትንሽ ፋኖስ ከአልጋው ራስጌ ተሰቅላለች።